ብዙ ፍቺ ያላቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት እንዴት እናጥና?

በአማርኛ «ቆረጠ» የሚለው ግስ ለገመድም፣ ለትኬትም፣ ለተስፋም፣ ለቀጠሮ ቀንም እንደሚያገለግል ሁሉ፣ እንግሊዝኛም በየዕለቱ የሚሰሙትን አጫጭር ግሶች ብዙ ሸክም ያሸክማቸዋል። ስለዚህ አንድን ቃል ከአንድ የአማርኛ ፍቺ ጋር አጣምሮ መሸምደድ አያዋጣም፤ በሐረግ ውስጥ ከጎረቤቶቹ ጋር መያዝ ይሻላል። «ራን» (run) የሚለውን ግስ እንውሰድ፦ ባለቤቱ ሰው ሆኖ ተሳቢ ከሌለው መሮጥ፣ ወንዝ ከሆነ መፍሰስ፣ ሞተር ከሆነ መሥራት ነው፤ ተሳቢው ድርጅት ሲሆን ማስተዳደር ይሆናል፤ «ፎር» (for) ተከትሎት የሥልጣን ስም ሲመጣ ደግሞ ለምርጫ መወዳደር ማለት ነው። እንግዲህ መዝገበ ቃላት ከመግለጥ በፊት ባለቤቱንና ተሳቢውን መለየት፣ ከዚያም በመጀመሪያው ፍቺ ሳይረኩ ምሳሌዎቹን እስከ ታች ማንበብ ይገባል።

ተመሳሳይ ቃላት ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ብዙ የፈረንሳይኛ ቃላት ከነባሮቹ ጎን ስለ ሰፈሩ፣ ከላቲንም ብዙ ስለ ተወረሰ፣ ለአንድ ሐሳብ ሁለትና ሦስት ቃል መገኘቱ የተለመደ ነው። «አስክ» ነባርና ለማንኛውም ጥያቄ የሚሆን ሲሆን፣ «ክዌስችን» በግስነቱ ብዙ ጊዜ ጥርጣሬን ያዘለ ነው፤ «ኢንተሮጌት» ግን መርማሪ ተጠርጣሪን ሲያፋጥጥ የሚነገር ነው። ጓደኛውን ሰዓት ስንት እንደሆነ «ኢንተሮጌት» ያደረገ ተማሪ፣ ሰዋስው ባይስትም እንኳ ያስቃል። «ቢግ» እና «ላርጅ»ም ስለ ቤት ሲነገር ይተካካሉ፤ ታላቅ እኅትን «ላርጅ ሲስተር» ማለት ግን ስለ ውፍረቷ መናገር ነው።