አቤቱታዎን ለምክር ቤት ተወካይዎ እንዴት ያቀርባሉ?

ባሕር ዳር ውስጥ በፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመርኩ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። «ለምክር ቤት አባላችን ጻፍልን» ብለው ከሚመጡት ባለጉዳዮች ገሚሱ ተወካዩ ስልክ አንሥቶ ቢሮውን ያዝልናል ብሎ ተስፋ ያደርጋል፤ ገሚሱ ደግሞ ምንም እንደማያመጣ አስቀድሞ ወስኖ ለወጉ ያህል ብቻ ያስጽፋል። ሁለቱም ግምት ባለጉዳዩን ይጎዳዋል። የምክር ቤት አባል አስፈፃሚውን አያዝም፤ ነገር ግን ይጠይቃል፣ ሲጠይቅም ከጀርባው የምክር ቤቱ ሥልጣን አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና የአስፈፃሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ሰጥቶታል፤ በአንቀጽ 30 ደግሞ የእርስዎን አቤቱታ የማቅረብ መብት አረጋግጧል። ስለዚህ ጥሩ አቤቱታ የምለው ተወካዩ እንዳለ ተቀብሎ ሊያነሣው የሚችለውን አንድ ግልጽ ጥያቄ የያዘውን ነው።

አስቀድመው ጉዳዩ የየትኛው ምክር ቤት እንደሆነ ይለዩ፤ ብዙ ማመልከቻ ሜዳ ላይ የሚቀረው እዚህ ላይ ነውና ጊዜ ይስጡት። የኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ ቴሌኮም፣ ፓስፖርት፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ ዋና ዋና አገር አቋራጭ መንገዶችና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፌዴራል መንግሥት ጉዳዮች ስለሆኑ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባልዎ ይጻፋሉ። የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የገጠር መሬት አስተዳደር የክልሉ ስለሆኑ መቀመጫው እዚሁ ባሕር ዳር ወደሆነው የክልል ምክር ቤት ይሄዳሉ። የከተማ ቦታ፣ የቧንቧ ውሃና የውስጥ ለውስጥ መንገድ የከተማ አስተዳደሩ ኃላፊነት ናቸው። ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ የፌዴራል መንግሥት ሥራ ነው፤ ከዋናው መንገድ ወደ ሰፈርዎ የሚያስገባው ኮብልስቶን ግን የከተማው ነው።

ሁለቱንም ወገን የሚነካ ጉዳይም አለ። ጣና ሙሉ በሙሉ በክልሉ ውስጥ ቢሆንም ከእሱ የሚወጣው ዓባይ ድንበር ተሻጋሪ ወንዝ ስለሆነ፣ የእምቦጭን ነገር የሚያመለክት የሐይቁ ዳር ገበሬ ወይም ዓሣ አስጋሪ ለክልሉም ለፌዴራሉም ተወካይ ቢጽፍ ተገቢ ነው። ታዲያ ሁለት የተለያየ ደብዳቤ አይጻፍም፤ አንዱ ተጽፎ ለሌላው «ግልባጭ» ይደረጋል፤ እንዲህ ሲሆን አንዱ ወገን ጉዳዩ የሌላው ነው ብሎ እንዳይመልሰው ይረዳል። ይህን የምለው በጸጸት ነው። ከዓመታት በፊት የአንዲትን እናት የመሬት ጉዳይ ሳላጣራ ለፌዴራል ተወካይ ጽፌላቸው፣ «ሥልጣናችን አይደለም» የሚለው መልስ እስኪመጣ ድረስ የይግባኝ ጊዜያቸው አለፈ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል።

ተወካዩ የማን ፓርቲ አባል እንደሆነ፣ እርስዎም ለማን ድምፅ እንደሰጡ በማመልከቻው ላይ ቦታ የለውም። በአንቀጽ 54 መሠረት የምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች ናቸው፤ የሚገዙትም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ነው። ያልመረጡት ሰውም የእርስዎ ተወካይ ነው። የተወካዩን አቋም ማወቅ ግን አስረጂ ምክንያትዎን ለመምረጥ ይጠቅማል። ወግ አጥባቂ በመሆኑ የሚታወቅ ተወካይ ነባሩን ሥርዓት፣ ሃይማኖትንና ቤተሰብን ስለሚያስቀድም፣ ለምሳሌ በዘጌ ደን ላይ ስለሚደርስ ጭፍጨፋ ሲያመለክቱለት ስለ አየር ንብረት ብቻ ከሚጽፉ ደኑ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የመሰሉ ገዳማት ዐጸድና ለትውልድ የተላለፈ የቡና ርስት መሆኑን ቢያስቀድሙ በቶሎ ይሰማዎታል። ምክንያቱ እውነት እስከሆነ ድረስ ይህ ማባበል አይደለም፤ ለሰሚው በሚገባው ቋንቋ መናገር ነው።

ወደ ጽሑፉ ስንመጣ፣ አንድ ገጽ ይበቃል። ከላይ ቀኑ፣ ቀጥሎ የሚጻፍለት ምክር ቤት አባል ስምና የምርጫ ክልሉ፣ ከዚያ «ጉዳዩ፦» ብሎ በአንድ መስመር የሚፈልጉት ነገር ይሰፍራል። ባለጉዳዮች ዘወትር ከበደሉ ታሪክ ይጀምራሉ፤ «ለዘመናት ተረስተን፣ ሰሚ አጥተን» የሚለው ሐዘን እውነተኛ ቢሆንም ተወካዩ ይዞት የሚሄድበት ፍሬ ነገር የለውም። ለምሳሌ የመንደር ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ከሆነ እንዲህ ይጻፋል፦ «የመንደራችን ትራንስፎርመር ጥቅምት 4 ቀን ተቃጥሎ 60 አባወራዎች ያለ መብራት ቀርተናል። ጥቅምት 11 ቀን ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክተን የገቢ ቁጥር ተሰጥቶናል፤ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘንም። ተቋሙ ትራንስፎርመሩን የሚተካበትን ቀን በጽሑፍ እንዲያሳውቀን እንዲጠየቅልን እናመለክታለን።» እዚህ ውስጥ ቀን፣ ቁጥርና አንድ ጥያቄ አለ። «መብራት ይሰጠን» ቢባል ኖሮ መልሱ «በሂደት ላይ ነው» የሚል ይሆን ነበር፤ ቀኑ በጽሑፍ ሲጠየቅ ግን መልስ ሰጪው ወይ ቀን ይናገራል፣ ወይ ቀን የለኝም ብሎ ይፈርማል፤ ሁለቱም ለቀጣዩ እርምጃ ይጠቅማል።

ማንበብ የማይችል ባለጉዳይ ሲመጣ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ቀስ ብዬ ሁለት ጊዜ አነብለታለሁ፤ እርስዎም ለአባትዎ ወይም ለጎረቤትዎ ሲጽፉ እንዲሁ ያድርጉ፤ በሰው ስም የሚፈረም ቃል የዚያው ሰው ቃል መሆን አለበት።

ከማመልከቻው ጋር ቀድሞ ለቢሮው የተጻፈው ደብዳቤ፣ የተሰጠ ውሳኔ ካለም የውሳኔው ኮፒ ይያያዛል፤ ዋናው ሰነድ በፍጹም ከእጅዎ አይውጣ። የፌዴራልም ሆነ የክልል መሥሪያ ቤት ሰነድ ከከለከለዎት በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የመጠየቅ መብት አለዎት፤ ጥያቄውም በ30 ቀናት ውስጥ መልስ ሊሰጠው ይገባል። ማመልከቻውን በመዝገብ ቤት በኩል አስገብተው በራስዎ ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። በእጅ ለተወካዩ ቢሰጡትም ይህን አይተዉ፤ ቁጥር የሌለው ወረቀት እንዳልቀረበ ይቆጠራል።

ጊዜውንም ያስቡበት። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ጀምሮ እስከ ሰኔ 30 ነው። ክረምት አባላቱ ወደየምርጫ ክልላቸው ተመልሰው ከሕዝቡ ጋር የሚወያዩበት ወቅት ስለሆነ፣ ፊት ለፊት ለመነጋገር የተሻለ ጊዜ የለም። በዚህ ውይይት ላይ ሦስት ደቂቃ ቢሰጥዎት ማመልከቻውን ያንብቡ እንጂ አዲስ ንግግር አይጀምሩ። ገንዘብ የሚጠይቅ ጉዳይ ግን እስከ ክረምት መቆየት የለበትም፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምርና በጀቱ ከዚያ በፊት ስለሚጸድቅ፣ የድልድይም ሆነ የውሃ ጉድጓድ ጥያቄ በጋው ሳይጋመስ ተወካዩ እጅ ቢገባ ይመረጣል።

ተወካይ የማይገባበት በርም አለ። በፍርድ ቤት ባለ ክርክር ላይ ዳኛውን እንዲያነጋግርልዎት አይጠይቁ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 ዳኝነትን ከማንኛውም ተጽዕኖ ነፃ አድርጎታል፤ እንዲህ ያለ ልመና እውነት ያለውን ሰው እንኳ ያስጠረጥራል። የይግባኝ ቀነ ገደብ ካለብዎት ይግባኙን አስቀድመው ያስገቡ፤ ለተወካይ መጻፍ የሕግ ጊዜን አያቆምም።

አንድ ወር ሙሉ ዝምታ ከሆነ የመጀመሪያውን የገቢ ቁጥር ጠቅሰው አጭር ማስታወሻ ይጻፉ። የአስተዳደር በደል ከሆነና ከተወካዩ መንገድ መፍትሔ ካልመጣ፣ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ያለ ክፍያ አቤቱታ ይቀበላል፤ በፍርድ ቤት የተያዘን ጉዳይ ግን አይመረምርም። እዚያ ሲሄዱ ለተወካዩ ያስገቡትን ኮፒ፣ የቢሮውን መልስ፣ መልስ ከሌለም የማስታወሻውን ኮፒ በቀን ቅደም ተከተል በአንድ ፋይል አድርገው፣ የመጀመሪያውን ከላይ አስቀምጠው ይያዙ።