የገልባጭ ጭነትን በልኩ መጫን፦ ለመሀል አዲስ አበባ የቤዝመንት ቁፋሮ

ሰንጋ ተራም ሆነ ካዛንቺስ፣ ጥልቅ ቤዝመንት በሚቆፈርባቸው ሳይቶች ሌሊቱን የሚወጣው አፈር የሚቆጠረው በቢያጆ፣ ማለትም በመኪናው ምልልስ ነው። ቢያጆ ደግሞ ክብደት አይናገርም። አንዱ ገልባጭ 13 ቶን፣ ሌላው 25 ቶን ይዞ የቸርችል ጎዳናን ቁልቁለት ቢወርድ ደብተሩ ላይ ሁለቱም አንድ አንድ ቢያጆ ናቸው።

መነሻው ሊብሬው ነው። የመጫን አቅሙ 160 ኩንታል ከተባለ ጣሪያችሁ 16 ቶን ነው። ካሶኒው (የመኪናው የጭነት ሳጥን) 16 ሜትር ኩብ ስለሆነ ሞልቶ መላክ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ተቆፍሮ የላላ እርጥብ ጭቃ በሜትር ኩብ ወደ 1.65 ቶን ይመዝናል። ካሶኒው ሳይከመር ልክ አፉ ድረስ ቢሞላ እንኳ 26 ቶን ያልፋል።

ባዶውን መኪና ሹፌሩና ነዳጁ እንዳሉበት መዝኑ። 300 ሊትር ናፍጣ ብቻውን 250 ኪሎ ገደማ ነው። ክረምት ላይ የባሰው ግን ካሶኒው ወለልና ማዕዘን ላይ ተጣብቆ የሚመለሰው ጥቁር ጭቃ ነው፤ ግማሽ ሜትር ኩብ ከቀረ ከ800 ኪሎ በላይ ሳትጭኑ ተጭኗል። በሐምሌና ነሐሴ ባዶ ክብደትን በየሳምንቱ መልሳችሁ መዝኑ፣ ካሶኒውንም በየፈረቃው አስፍቁ። በበጋ የተመዘነ ባዶ ክብደት ለክረምት አይሠራም።

ቀጥሎ ባኬቱ፣ ማለትም የስካቫተሩ (የመቆፈሪያ ማሽኑ) ማንኪያ። 1 ሜትር ኩብ የሚይዝ ባኬት ጭቃ ሲያነሳ ጢም ብሎ ስለሚሞላ 1.65 ቶን ገደማ ያወጣል፤ 9 ባኬት 14.9 ቶን ይሆናል፣ 10ኛው ግን ጣሪያውን ያሳልፋል። የተሰበረ ባዛልት በሜትር ኩብ ወደ 1.9 ቶን ቢጠጋም ድንጋዩ ተጠጋግቶ ስለማይገባ ባኬቱ የሚሞላው ከሦስት አራተኛ አካባቢ አይበልጥም፤ አንዱ ባኬት 1.4 ቶን፣ ጭነቱ 11 ባኬት ይሆናል። ከባዱ ድንጋይ ከጭቃው የበለጠ ባኬት ይፈልጋል ማለት ነው። ብዙ ፎርማን «ድንጋይ ነው» ብሎ ባኬት ያስቀንሳል፣ መኪናውም ጎድሎ ይወጣል።

እነዚህ ቁጥሮች መነሻ ናቸው እንጂ የእናንተ ሳይት ቁጥሮች አይደሉም። ለእያንዳንዱ የአፈር ዓይነትና ለእያንዳንዱ ኦፕሬተር 10 ጭነት የመኪና ሚዛን ላይ አውጡ፤ የተጣራውን ክብደት (ከጠቅላላው ባዶው ሲቀነስ) ለባኬቱ ብዛት አካፍሉ። ከአማካዩ እኩል ልዩነቱን ተመልከቱ። ጭነቶቹ በ1 ቶን ወደላይና ወደታች የሚዋዥቁ ከሆነ ዒላማችሁ 16 ሳይሆን 15 ቶን ይሁን። የማሽን አምራቹ ካተርፒላር ለትልልቅ የማዕድን ገልባጮች 10/10/20 የሚባል ደንብ አለው፤ ከዒላማው 10 በመቶ በላይ የሚያልፉት ጭነቶች ከ10 በመቶ አይበልጡም፣ ከ20 በመቶ በላይ የሚያልፍ አንድም አይኖርም፣ አማካዩም ከዒላማው አይበልጥም። ይህ የተጻፈው ማዕድን ማውጫው ውስጥ ብቻ ለሚመላለስ መኪና ነው። አስፋልት ላይ ለሚወጣ ሲኖትራክ የ10 በመቶዋን ፈቃድ አትውሰዱ።

ስካቫተሩ የራሱ ሚዛን ካለው ፈረቃው ሲጀመር ዘይቱ ከሞቀ በኋላ ባዶ ባኬት አንስታችሁ ዜሮ አድርጉት። ማሽኑ ተዳፋት ላይ ከቆመ ወይም ኦፕሬተሩ ቡሙን (የማሽኑን ክንድ) እየወረወረ ካዞረ ንባቡ ይዛባል። የአፈር ባኬት በድንጋይ ባኬት ሲቀየር ዜሮው አብሮ ይቀየር፤ የሚረሳው ይህ ነው።

መኪናው ላይ የተገጠመ ሚዛንም ይዋሻል፣ ምክንያቱም ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከመው የብረት ስፕሪንግ) በፍሪክሽን ተይዞ ይቀራል። ከተጫነ በኋላ ሜዳ ላይ ጥቂት ሜትር አስነዱት፣ ጎማውን በታኮ ደግፋችሁ ፍሬኑን ልቀቁ፣ ከዚያ አንብቡ። የመሬቱ ሚዛን ላይም ሁሉም ጎማ አንድ ላይ ይውጣ፤ የፊቱንና የኋላውን ለየብቻ መዝኖ መደመር፣ መግቢያው ዘንበል ካለ፣ ትክክለኛ ድምር አይሰጥም።

አጠቃላይ ክብደቱ ልክ ሆኖ አቀማመጡ ሊበላሽ ይችላል። የመጀመሪያዎቹ 2 ባኬቶች ደቃቅ አፈር ይሁኑ፣ ትልልቁ ድንጋይ መሀል ላይ ይረፍ። ስካቫተሩ ከኋላ ሲጭን የሚቀለው ወደ መዝጊያው መደርደር ስለሆነ የኋላ ጎማዎች ይጨነቃሉ፣ መሪውም ዳገት ላይ ይቀላል። የመጨረሻው ባኬት ሙሉ ካልበቃ ግማሹን ብቻ ልቀቁ። ሚዛኑ ካለፈም ትርፉን ሳይቱ ውስጥ አውርዱ፣ በአካፋ ማስተካከል ክብደት አይቀንስም።