በጅማ የዱር አጥቢ እንስሳት ቀን ለቤተሰብ ሲያዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሕይወት ያለው እንስሳ ማምጣት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የታሰረ ጦጣ ወይም በሳጥን የተዘጋበት ጥርኝ ሰው ይሰበስባል፤ ነገር ግን የፈራ እንስሳ ይነክሳል፣ በንክሻውም የእብድ ውሻ በሽታ ሊተላለፍ ይችላል። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝም በሕግ የተከለከለ ነው። ስለ ጥርኝ ለማስተማር ዝባዱ፣ ማለትም ከጥርኝ የሚወጣው ቅባት፣ ይበቃል፤ የጅማ አካባቢ ለሽቶ መሥሪያ የሚፈለገውን ዝባድ ለረጅም ዘመን ሲያቀርብ ኖሯል። ልጆች አያቶቻቸውን የሚጠይቁት ነገር ይዘው ይመለሳሉ።

ጉሬዛን በቀትር መፈለግ

ጉሬዛ ማለዳ ዛፍ ጫፍ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ ቀትር ላይ ቅጠል ውስጥ ገብቶ ያርፋል። ጉዞው ከጠዋቱ 12፡30 ተነሥቶ 3፡00 ላይ ይለቅ። በአንድ ቡድን ከ10 ሰው አይብለጥ፤ አንድ አዋቂ ከፊት፣ አንድ ከኋላ ይሁን። ሙዝ አይያዝ። ጉሬዛ በዋናነት ቅጠል በል ስለሆነ ሆዱን ያውከዋል፤ ጦጣ ደግሞ አንዴ ከለመደ የልጅ እጅ ሁሉ ምግብ የያዘ ይመስለዋል፣ መንጠቅም ይጀምራል።

ጅብንና ጃርትን በዓይን ለማየት ቃል መግባት

ሁለቱም የሌሊት ናቸው፤ ቀን እምብዛም አይታዩም። ዱካቸው ግን ይገኛል፣ ለልጅም ከሩቅ ከሚታይ እንስሳ ይልቅ በእጁ የሚይዘው ዱካ ይበልጥበታል። በዋዜማው አመሻሽ እንስሳት የሚያልፉበት መንገድ ላይ በወንፊት የተነፋ አፈር 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል አወፍራችሁ አንጥፉና ውሃ አርከፍክፉበት። ማባበያ ምግብ አታስቀምጡ። ጠዋት ዱካውን አንብቡ፦ የጅብ አራት ጣትና የጥፍር ምልክት አለው፤ ነብር ሲራመድ ጥፍሩን ስለሚሰበስብ የጥፍሩ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ አይታይም።

ከዚያ ዱካውን በጄሶ ቅዱት። ብዙ ዝግጅት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ዱካውን 4 ሳንቲ ሜትር ቁመት ባለው የካርቶን ቀለበት ክበቡት። 1 ኩባያ ውሃ ላይ 2 ኩባያ ጄሶ ቀስ እያላችሁ ነስንሱ፤ ውሃው ጄሶው ላይ ከተጨመረ ይጓጉላል። እንደ ወፍራም አጥሚት ሲሆን ከዱካው ጎን ዝቅ አድርጋችሁ አፍስሱ፣ ከላይ ከወረደ የጣቱን ቅርጽ ያጠፋዋል። ከማንሳታችሁ በፊት ቢያንስ 30 ደቂቃ ጠብቁ። በጅማ እርጥበት ክፍት ሆኖ የከረመ ጄሶ አይጠነክርም፣ ስለዚህ አዲስ ግዙና በፕላስቲክ አሽጉት። ልጆች እጃቸውን በሚጠነክር ጄሶ ውስጥ እንዳይነክሩ አጥብቃችሁ ከልክሉ፤ ሲጠነክር ይግላል፣ ቆዳ ያቃጥላል።

ቦዬ ውሃ ዳር ምሳ መዘርጋት

ቦዬ በጅማ አጠገብ ያለ፣ ጉማሬ የሚኖርበት ረግረግ ነው። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ማታ ሣር ለመጋጥ ይወጣል። በእሱና በውሃው መካከል የገባውን ሰው ያጠቃል። ከዳር ቢያንስ 100 ሜትር ራቁ፣ ሣሩ ተረግጦ ቦይ የመሰለበት መንገዱ ላይ አትቁሙ፣ ከ11 ሰዓት በፊትም ቦታውን ለቅቃችሁ ውጡ።

ጽሑፉን ሁሉ በአማርኛ ብቻ መለጠፍ

አጠገቡ አፋን ኦሮሞውም ይጻፍ፦ ጉሬዛ ዌኒ፣ ጅብ ወራቤሳ፣ ዝንጀሮ ጃልዴሳ።

ገበሬውን መርሳት

በቆሎውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ ለማዳን ማማ ላይ ሲውል ሲያድር የከረመ ሰው፣ እንስሳቱ ውብ ናቸው ብቻ ሲባል ትቶ ይሄዳል። እውነቱም ከእርሱ ጋር ነው፤ ጉዳቱ እውነተኛ ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ለገበሬዎች ስጡ፦ የትኛው እንስሳ፣ በስንት ሰዓት፣ በየት በኩል እንደሚገባ ይናገሩ፣ ልጆች በወረቀት ካርታ ላይ ምልክት ያድርጉ። የቡና ለቀማ ላይ ግን አትጥሩ፣ አይመጡም። ለቀማው አልቆ ከባዱ ዝናብ ሳይጀምር፣ የካቲት አካባቢ ይመቻል።