ህፃን ልጅ እንቁላልና ኦቾሎኒ እንዴት ይጀምራል፣ አለርጂ ቢነሳበትስ?

ብዙ ቤት "እንቁላል ገና ነው፣ ኦቾሎኒማ ሶስት አመት ይሙላው" ይባላል፣ ድሮ ሀኪሞችም እንደዛ ነበር የሚሉት። አሁን ግን ምክሩ ተገልብጧል። በ2015 እ.ኤ.አ ለንደን ላይ ሊፕ የሚባል ጥናት ወጣ፣ ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው 640 ህፃናት ግማሾቹ ከ4 እስከ 11 ወር ባለው ጊዜ ኦቾሎኒ ጀመሩ ግማሾቹ ሳይቀምሱ ቆዩ፣ 5 አመት ሲሞላቸው የጀመሩት ጋ የኦቾሎኒ አለርጂው በ80 በመቶ ገደማ አንሶ ተገኘ። ሀሳቡ የመጣው ከእስራኤል ነው፣ እዛ ያላችሁ ባምባን (ከኦቾሎኒ የሚሰራ አፍ ውስጥ የሚሟሟ መክሰስ) ታውቁታላችሁ ህፃኑ ሁሉ ሲበላው ነው የሚያድገው።

አለርጂ ማለት የሰውነት መከላከያ የምግቡን ፕሮቲን እንደ ጠላት ሲቆጥረው ነው። ቤተሰብ ውስጥ አስም ወይም አለርጂ ካለ እድሉ ይጨምራል፣ ዋናው ግን ችፌ ነው፣ ቆዳው ሲሰነጣጠቅ ምግቡ በሆድ ሳይሆን በቆዳ በኩል ቀድሞ ይገባና ሰውነት ይደነግጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቆዳውን አክሙ። ችፌው ከባድ ከሆነ ኦቾሎኒ ከማስቀመሳችሁ በፊት ሀኪም ይየው።

6 ወር አካባቢ ምግብ ሲጀምር፣ ጉንፋን በሌለበት ቀን ጠዋት ላይ (ማታ አይሆንም፣ ልታዩት ይገባል) በደንብ የበሰለ እንቁላል በማንኪያ ጫፍ ስጡት፣ 10 ደቂቃ ጠብቁና ደህና ከሆነ ትንሽ ጨምሩ፣ ከዛ 2 ሰአት አይናችሁ እሱ ላይ ይሁን። በአንድ ቀን ሁለት አዲስ ምግብ አትስጡ፣ የትኛው እንደሆነ ይጠፋችኋል። ኦቾሎኒ ሲሆን ፍሬውን በጭራሽ፣ ያንቃል! የለሰለሰ የኦቾሎኒ ቅቤ ለብ ባለ ውሃ አቅጥናችሁ ወይ ገንፎው ላይ። ሰሊጥም እንደዚሁ ነው።

ከተስማማው አታቁሙ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ አንዴ ቀምሶ ለወራት ይረሳል፣ በሳምንት ሁለት ሶስቴ መቀጠል አለበት።

ሽፍታ፣ የከንፈር ወይ የአይን እብጠት፣ ማስመለስ ካያችሁ ምግቡን አቁማችሁ ሀኪም አናግሩ። ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱ ሲር ሲር ካለ፣ ድምፁ ከጎረነነ ወይ ከተዝለፈለፈ ግን አንድ ደቂቃም አትጠብቁ፣ የታዘዘለት የአድሬናሊን መርፌ ካለ ጭኑ ላይ ወግታችሁ ወደ ሆስፒታል፣ መርፌው ከሌለም ወደ ሆስፒታል። የአለርጂ ሽሮፕ አድሬናሊንን አይተካም፣ ወተት ማጠጣትም አያድነውም።

የላም ወተት አለርጂ ያለበትን ልጅ የፍየል ወተት ላይ አታዛውሩት፣ ፕሮቲኑ በጣም ስለሚመሳሰል አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው የሚሆነው። ደግሞ በጥርጣሬ ብቻ ወተቱንም እንቁላሉንም ስንዴውንም አንድ ላይ አትከልክሉት፣ ልጁ ይጎዳል። የበላውንና ሰአቱን ፃፉ፣ ሽፍታውን በስልክ ፎቶ አንሱት (ሀኪም ጋ እስክትደርሱ ይጠፋል) ከዛ የሚቆመውን ምግብ ሀኪሙ መርምሮ ይወስን።