ከሌላ ስቴት የተገዛ መኪና ካሊፎርኒያ ስሞግ (የጭስ ምርመራ) ሲወድቅ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ይህን የምጽፈው ከላስ ቬጋስ፣ ከፊኒክስ ወይም ከዳላስ መኪና ገዝታችሁ ካሊፎርኒያ ለምታስመዘግቡ ነው። ታይትል ማየት፣ የአደጋ ታሪክ ማውጣት፣ ሞተርና ካምቢዮ መሞከር ታውቁታላችሁ ብዬ እዘለዋለሁ። ጉዳዬ መኪናው ምንም ሳይጎድለው ታርጋ የሚያስከለክሉት ነገሮች ናቸው።

ካሊፎርኒያ በፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ ፈቃድ እያገኘች ከተቀረው አሜሪካ የጠበቀ የራሷን የጭስ ደንብ ታወጣለች። ስለዚህ ፋብሪካዎች ለረጅም ጊዜ አንዱን ሞዴል በሁለት ዓይነት ሲሠሩ ኖረዋል፤ አንዱን ለካሊፎርኒያ፣ ሌላውን ለተቀሩት ስቴቶች። አሁን ብዙዎቹ ለ50ውም ስቴት የሚሆኑ ናቸው። ያገለገለ መኪና ገበያ ላይ ግን ሁለቱ ተደባልቀው ነው ያሉት። የቱ እንደሆነ የሚናገረው ኮፈኖው ሥር የተለጠፈው የጭስ መቆጣጠሪያ ወረቀት ነው። ሻጩ የሚለውን አትመኑ፤ ወረቀቱን አንብቡ።

ምልክት፦ መኪና የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ዲኤምቪ ገና ከመነሻው "አይመዘገብም" ይላችኋል

ምክንያቱ አንድ ቁጥር ነው፤ 7,500 ማይል። የካሊፎርኒያ ነዋሪ ከሌላ ስቴት የገዛው መኪና በተገዛበት ጊዜ ከ7,500 ማይል በታች የተነዳ ከሆነ ሕጉ እንደ አዲስ ይቆጥረዋል። አዲስ መኪና ደግሞ የካሊፎርኒያን ደረጃ ካላሟላ አይገባም። ወረቀቱ ላይ ካሊፎርኒያ ወይም 50 ስቴት የሚል ከሌለ ጥገና የለውም፤ ሴንሰርም፣ ጭሱን የሚያጸዳውን ካታሊቲክም ብትቀይሩ ለውጥ አያመጣም። ከገዛችሁ በኋላ እየነዳችሁ 7,500 ማስሞላትም አይሠራም፤ የሚታየው ስትገዙት የነበረው ማይል ነው፣ እሱም በታይትሉ ላይ ተጽፏል። "ትንሽ ነድተህ ታስገባዋለህ" የሚል ደላላ ከገጠማችሁ ሌላ የሚነግራችሁንም አትመኑት።

በውርስ ወይም በፍቺ ክፍፍል የደረሳችሁ መኪና፣ እንዲሁም የሌላ ስቴት ነዋሪ ሳላችሁ አስመዝግባችሁት ይዛችሁት የመጣችሁት ከዚህ ነፃ ነው፤ ማስረጃውን ይዛችሁ ቅረቡ። ከእነዚህ ውጭ ከሆናችሁ የቀረው መንገድ መልሶ ወደ ሌላ ስቴት መሸጥ ነው። ከ7,500 በላይ የተነዳ ከሆነ ግን የፌዴራል ወረቀት ያለውም ይመዘገባል። ይህን ባለማወቅ ጥሩ መኪና ጥለው የሚመለሱ አሉ።

ምልክት፦ የብልሽት መብራት የለም፣ ኮምፒውተሩ የሚያወጣው የብልሽት ኮድ የለም፣ መኪናው ይሄዳል፤ ስሞግ ግን በዓይን ምርመራ ይወድቃል

በጣም የማየው ይህንን ነው። ምክንያቱ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ነው፤ ተበላሽቶ ሳይሆን ካሊፎርኒያ የማትቀበለው ዓይነት ስለሆነ።

ካታሊቲክ ሲሰረቅ ወይም ሲያረጅ በብዙ ስቴት የሚገጠመው የፌዴራሉን ደረጃ ብቻ ያሟላ ርካሽ ዕቃ ነው። እዚያ ሕጋዊ ነው። ካሊፎርኒያ ግን ወይ የፋብሪካውን ኦሪጅናል፣ ወይ ካርብ የተባለው የስቴቱ የአየር መሥሪያ ቤት ቁጥር የሰጠውን ብቻ ነው የምትቀበለው። የስሞግ ሠራተኛው ባትሪና መስታወት ይዞ ከሥር ይገባል። የሚፈልገው በካታሊቲኩ ላሜራ ላይ የተቀረጸ፣ በ"ዲ" ፊደል የሚጀምር ቁጥር ነው፤ አጠገቡ የተሠራበት ቀንና የጭሱን መሄጃ የሚያሳይ ቀስት ይኖራል። ቁጥሩ ከሌለና ዕቃው የፋብሪካው ካልሆነ መኪናው ወደቀ። ኮምፒውተሩ "ሁሉም ደህና ነው" ማለቱ አያድነውም።

በዚህ በኩል ፕሪየስን የሚያህል ጣጣ የለም። ከ2004 እስከ 2009 የተሠራው ፕሪየስ የሌቦች ዋና ዒላማ ነበር፤ ውስጡ ያሉት የከበሩ ማዕድናት ብዙ ስለሆኑ። ልጆቻችን ደግሞ ታክሲና ኡበር የሚሠሩበት መኪና እሱ ነው። ስለዚህ ከሌላ ስቴት የመጣ የዚያ ዘመን ፕሪየስ ሳይ መጀመሪያ የማጎነብሰው ወደ ሥሩ ነው።

አንድ ወንድማችን ከላስ ቬጋስ 2008 ፕሪየስ ገዛ። ሻጩ የኔቫዳ ስሞግ ወረቀት ሰጥቶታል፣ ወረቀቱም እውነተኛ ነው። በረሃውን አቋርጦ ሎስ አንጀለስ ሲገባ አንድ መብራት አልበራም። ስሞግ ላይ ኮምፒውተሩ አለፈ፣ በዓይን ወደቀ። ክሪክ ላይ አውጥተን ስናየው ቧንቧው ሁለት ቦታ ተቆርጦ በአዲስ ብየዳ የተያያዘ ነው፤ ብየዳው ገና ያብለጨልጫል፣ ካታሊቲኩ ላይ ያለው ቁጥር ግን "ዲ" የለውም። ሻጩ ጥቂት መቶ ዶላር ያወጣበት ዕቃ ወጥቶ ትክክለኛው ሲገባ ገዢው መኪናውን በርካሽ በመግዛት ያተረፈው ሁሉ ሄደ። ሻጩ ኔቫዳ ላይ ያጠፋው ጥፋት ስለሌለ የሚጠየቅበት መንገድ አልነበረም።

ይህ ደጋግሞ ስለሚደርስ ነው ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ከሥር ፎቶ ይነሣ የምለው። ሩቅ ከሆናችሁ ሻጩን "የካታሊቲኩን ቁጥር ጥርት ባለ ፎቶ ላክልኝ" በሉት። ካልላከ አትሂዱ። መከላከያ ላሜራ የተገጠመለት ከሆነ ከሥሩ ያለው አይታይም፤ ላሜራው ይፈታ። ብዙ ሰው ያንን ላሜራ የሚያስገጥመው አንድ ጊዜ ከተሰረቀ በኋላ ነውና እሱ ራሱ ጥያቄ ሊያስነሣባችሁ ይገባል። ፋብሪካው የሠራው ቧንቧ ብየዳው ወጥ ነው፣ የቆየ መኪና ከሆነም ዝገቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። መሐሉ ላይ ብቻ አዲስ ብረት ካያችሁ ተቀይሯል ማለት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ቁጥር ያለው ዕቃ ገዝቶ መውደቅ ነው። ካርብ ቁጥሩን የሚሰጠው ለሁሉም መኪና ሳይሆን ለተለዩ መኪኖች ነው። ኮፈኖ ሥር ያለው ወረቀት ላይ "ቴስት ግሩፕ" የሚባል 12 ምልክት ያለው መለያ አለ፤ የቶዮታ ከሆነ ከዓመቱ ምልክት ቀጥሎ ቲ፣ ዋይ፣ ኤክስ የሚሉ ፊደሎች አሉበት። የካታሊቲኩ ፈቃድ ያንን መለያ መሸፈን አለበት። አንዲት እህት ኢንተርኔት ላይ "ካሊፎርኒያ ይፈቅዳል" የተባለ ካታሊቲክ አዝዛ አስገጠመች፤ "ዲ" ቁጥሩም አለው። ወደቀች። ዕቃው የተፈቀደው ለካሊፎርኒያ ወረቀት ላለው ዓይነት ሲሆን የእሷ መኪና ከቴክሳስ የመጣ የፌዴራል ወረቀት ያለው ነበር። ዓመተ ምሕረቱና ሞዴሉ ስለገጠመ ብቻ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ያናድዱኛል፤ አንድ ወረቀት ማንበብ ነበር የቀራቸው።

መፍትሄው፦ የኮፈኖውን ወረቀት ፎቶ አንሡ፣ ካታሊቲክ የሚገጥመው ጋራዥ መለያውን ከፈቃዱ ጋር እንዲያመሳክር አድርጉ፣ ከዚያ ገንዘብ ክፈሉ። ለመኪናችሁ የተፈቀደ የገበያ ዕቃ ከሌለ የዲለሩን ኦሪጅናል መግዛት ነው፤ ውድ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከሁለት ሺህ ዶላር ይበልጣል። ከአሮጌ መኪና ግቢ የወጣ ያገለገለ ካታሊቲክ አትግዙ፤ ኦሪጅናል ቢሆንም ካሊፎርኒያ ውስጥ አሮጌ ካታሊቲክ መግጠም ሕገ ወጥ ነው። ቦታውንም አታዛውሩ፤ ፋብሪካው ባስቀመጠበት ቦታና ብዛት ልክ መሆን አለበት። የሥራ ደረሰኙን ከመኪናው ወረቀት ጋር አኑሩት። መኪናው ገና ስምንት ዓመትና 80,000 ማይል ያልሞላው ከሆነና ኦሪጅናሉ ራሱ ከተበላሸ ግን አንድ ሳንቲም ሳታወጡ ዲለር ሂዱ፤ የፌዴራሉ ዋስትና ካታሊቲክን ይሸፍናል።

ሌላ ስቴት እየኖራችሁ ወደ ካሊፎርኒያ ለመዛወር ካሰባችሁና ካታሊቲካችሁ ከተሰረቀ፣ ኢንሹራንሱ ሲያሠራላችሁ የካሊፎርኒያውን ዕቃ ጠይቁ። የትም ስቴት ይገጠማል። ዳላስ ላይ በኢንሹራንስ ርካሹን አስገጥመው ከመጡ በኋላ እዚህ ከኪሳቸው ሁለተኛ የከፈሉ ቤተሰቦች አሉ።

ምልክት፦ ስሞግ "ሞኒተሩ አልሞላም" ብሎ ይመልሳችኋል፣ ወይም መንገድ ላይ ቼክ ኢንጅን ይበራል

ምክንያቱ ሻጩ ኮዱን አጥፍቶ መሸጡ ነው። ኮድ ሲጠፋ ወይም ባትሪ ሲነቀል የመኪናው ኮምፒውተር ሞኒተር የሚባሉትን የራሱን ምርመራዎች ከዜሮ ይጀምራል። ካሊፎርኒያ ከ2000 ወዲህ ለተሠራ የቤንዚን መኪና የምትታገሠው የቤንዚን ትነት ሞኒተር ብቻ ሳይሞላ ሲቀር ነው። የፌዴራሉን መመሪያ የሚከተሉ ስቴቶች ግን ከ2001 ወዲህ ለተሠራ መኪና የፈለገው አንድ ሞኒተር ባይሞላም ያሳልፋሉ፤ ያ አንድ ደግሞ የካታሊቲኩ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ካታሊቲኩ የሞተ መኪና እዚያ የታለፈ ወረቀት ይዞ ሊሸጥላችሁ ይችላል። ቤታችሁ ስትደርሱ ካታሊቲኩ ደክሟል የሚለው ኮድ፣ ፒ0420፣ ይወጣል።

የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ርካሽ ስካነር ይዛችሁ ሂዱ። ኮዱን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት። "ኮድ ከጠፋ ወዲህ የተነዳ ርቀት" የሚል መስመር ፈልጉ። እዚያ ላይ ጥቂት ማይል ብቻ ካለ፣ ሻጩ "ይሄ መኪና ለዓመታት አንድ ችግር አላሳየኝም" እያለ ሲምል አትከራከሩት፤ ስካነሩን አሳዩት።

ገዝታችሁት ከሆነ፦ ኮዱን እንደገና አታጥፉ። ባትሪ አትንቀሉ። ታንኩን ከሩብ በላይ ከሦስት ሩብ በታች አድርጉት። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ መኪና ጠዋት አስነሡና ንዱ፤ ለብዙ ቶዮታዎች ከ40 እስከ 55 ማይል በሰዓት ሦስት ደቂቃ ያህል፣ ከዚያ ከ35 እስከ 45 ባለው ሰባት ደቂቃ ያህል ሳታቆራርጡ መንዳት የካታሊቲኩን ሞኒተር ይሞላዋል። ባዶ መንገድ ምረጡ፤ በትራፊክ መሐል ስካነር እያያችሁ አትንዱ። ከ2010 ወዲህ የተሠራ ከሆነ ቋሚ ኮድም አለ። እሱን ስካነር አያጠፋውም፤ ችግሩ ከተጠገነ ኮምፒውተሩ ራሱ ያነሣዋል። ኮዱ ከጠፋ ወዲህ 200 ማይል ከተነዳና ሞተሩ 15 ጊዜ ከቀዘቀዘበት ተነሥቶ ከሞቀ ስሞጉ ቋሚ ኮዱን አይቆጥርባችሁም። "በአንድ ቀን አሳልፍልሃለሁ" የሚል ካለ ምን አድርጎ እንደሆነ ጠይቁት። ኦክስጅን ሴንሰር ላይ ማራዘሚያ ቁራጭ የሚገጥሙ አሉ፤ ሕገ ወጥ ነው።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ከ2010 እስከ 2015 የተሠራ ፕሪየስ ፒ0401 የሚል ኮድ ካወጣ የጭስ መመለሻው በጥቀርሻ ተዘግቷል፤ አስጠርጉት፣ አታቆዩት፣ የራስ ጋስኬቱን ይዞት ይሄዳል።

የኮፈኖው ወረቀት ከሌለ በመኪናው መለያ ቁጥር ዲለር ያዝላችኋል። የካርብ ቁጥር የሌለው የአየር ማስገቢያ ካለ ኦሪጅናሉ ይመለስ። የሞተሩ ኮምፒውተር ሶፍትዌር ተነክቶ ከሆነ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ይጥላል፤ ዲለር የፋብሪካውን ይጫንበት። የጭስ ማጣሪያው ወጥቶ የተጣለ ናፍጣ ፒክአፕ አትግዙ።

ስለ ወረቀቱ

"ሃይብሪድ ስሞግ አይጠየቅም" ውሸት ነው። "ገና ሦስት ዓመቱ ነው፣ ነፃ ነው" የሚለውም ለእናንተ አይሠራም፤ ያ እዚህ ለተመዘገበ መኪና ነው፣ ከውጭ የሚገባ ቤንዚን መኪና መጀመሪያ ሲመዘገብ ስሞግ ግዴታው ነው። የኔቫዳ ወይም የአሪዞና ስሞግ አይተካውም። መኪናውን ባስገባችሁ በ20 ቀን ውስጥ ዲኤምቪ ሄዳችሁ ክፍያውን ክፈሉ፤ ስሞጉ ገና ባያልፍም ክፈሉ፣ ቅጣቱ እንዳይደመርባችሁ። ስቴቱ ስሞግ ለወደቀባቸው ለጥገና የሚሰጠው እርዳታ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመዘገብ መኪና አይሰጥም፤ እሱን አስባችሁ አትግዙ።

ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ፦ ኮሎራዶም ከ2021 ጀምሮ አዲስ ካታሊቲክ ሲገጠም የካሊፎርኒያውን ዓይነት ትጠይቃለች፤ ኒውዮርክና ሜይንም እንዲሁ። እዚያ ጉዳዩ የሚመጣባችሁ ካታሊቲክ ስታስቀይሩ ነው፣ በዋጋው። ካታሊቲኩ የደከመ መኪና ከቴክሳስ ስትገዙ ከሻጩ ጋር የምትከራከሩበት ሒሳብ የዳላሱ ሳይሆን የዴንቨሩ ይሁን።