የስስ ፖሊስታይሪን ሽፋን የመስታወት ሽግግር ሙቀት እንዴት ይለካል?

ፖሊስታይሪን የተባለው ፕላስቲክ ከደረቅና ተሰባሪ ጠባዩ ወደ ልስላሴ የሚሻገርበት ሙቀት፣ ማለትም የመስታወት ሽግግር ሙቀቱ፣ በወፍራም ናሙና 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በሲሊከን ላይ የተዘረጋ ሽፋን ከ40 ናኖሜትር በታች ሲሳሳ ግን ይህ ሙቀት ይወርዳል፤ ተመራማሪዎቹ ኬዲ፣ ጆንስና ኮሪ በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 10 ናኖሜትር ገደማ ላይ ቅናሹ ወደ 25 ዲግሪ እንደሚጠጋ አሳይተዋል። ብዙዎች የሚስማሙበት ምክንያት ከአየር ጋር በሚዋሰነው ገጽ ያሉ ሞለኪውሎች ከውስጠኞቹ ይልቅ እንደ ልብ መንቀሳቀሳቸው ነው።

ደሴ ላይ የሚለካ ሰው አስቀድሞ ቴርሞሜትሩን ይፈትሽ። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል እዚያ ጥቂት ይጨምራል። የፈላውን ውሃ 100 ብሎ ምልክት ያደረገ ሰው የሚያመጣው ስህተት፣ በ40 ናኖሜትር ሽፋን ላይ ከሚፈለገው ለውጥ ይበልጣል።

ቀጥሎ ፖሊስታይሪኑን በቶሉይን አሟሙቶና አጣርቶ፣ በጸዳ የሲሊከን ዝርግ ላይ ጠብ በማድረግ በፍጥነት ማሽከርከር ነው፤ ሥራው የቶሉይን ትነት በሚስብ መሳቢያ ሥር ይከናወን። የሽፋኑን ውፍረት የሚወስኑት በዋናነት የሙሙቱ ጥንካሬና የማሽከርከሪያው ፍጥነት ናቸው። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ብትገባ ከኋላዋ ወደ ዝርጉ ጠርዝ የሚሄድ ጅራት ትተዋለች፤ እንዲህ ያለው ናሙና ይጣል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ማድረቁ ነው። በሽፋኑ ውስጥ የቀረ ቶሉይን ራሱ የሽግግሩን ሙቀት ስለሚያወርድ፣ ውጤቱ የመሳሳት ውጤት መስሎ ያሳስታል። ስለዚህ ናሙናው አየር በተመጠጠበት ምድጃ ውስጥ ከ100 ዲግሪ በላይ፣ ለምሳሌ 120 ላይ፣ ለሰዓታት ይቆይ፤ ሆኖም በጣም ስስ ሽፋን ሙቀት ሲበዛበት እየተበሳ ወደ ጠብታዎች ስለሚሰበሰብ በማይክሮስኮፕ ይታይ።

ልኬቱ የሚወሰደው ሲቀዘቅዝ ነው፤ በደቂቃ 2 ዲግሪ እየቀነሱ ውፍረቱን በኤሊፕሶሜትር (ከሽፋኑ በሚንጸባረቅ ብርሃን ውፍረትን በሚለካ መሣሪያ) መመዝገብ ያስፈልጋል። ከሽግግሩ በላይ ውፍረቱ ከሙቀቱ ጋር በፍጥነት ይቀንሳል፣ ከበታቹ ደግሞ በዝግታ፤ የሁለቱ ቀጥታ መስመሮች መገናኛ የሚፈለገው ሙቀት ነው። ስስ ሽፋን ላይ እጥፋቱ፣ ማለትም አንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚዞርበት ክፍል፣ ሰፊ ስለሚሆን መስመሮቹ ከእጥፋቱ ራቅ ካሉ ነጥቦች ይሰመሩ። የማቀዝቀዣው ፍጥነት በአሥር እጥፍ ሲጨምር ንባቡ ወደ 3 ዲግሪ ከፍ ስለሚል፣ ከ100 ናኖሜትር በላይ የሆነ ሽፋን በዚያው ፍጥነት ይለካና በመዝገቡ ላይ የስሱና የወፍራሙ ሽፋን ንባብ ልዩነት፣ ከዝርጉ ዓይነት ጋር፣ ይጻፍ።