ከስፖርት በኋላ የሚመጣውን ረሃብ ከማመናችሁ በፊት

በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዋኝቶ የወጣ ሰው ሆዱን ይሞረሙረዋል፤ ያገኘውን ሁሉ መዋጥ ያምረዋል። ያው ሰው በጠራራ ፀሐይ ሮጦ ሲመለስ ደግሞ ምግብ ይዘጋዋል። ያቃጠለው ካሎሪ ግን በሁለቱም ቀን ተቀራራቢ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ክብደት ለመቀነስም ይሁን ጡንቻ ለመገንባት የምትሠሩ ከሆነ፣ ሆዳችሁ ያላችሁን ወዲያው አትከተሉ። መጀመሪያ ሰውነታችሁ በርዶት እንደሆነ ወይም ግሎ እንደሆነ እዩ።

በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። 11 ወንዶች ውሃ ውስጥ ሆነው ለ45 ደቂቃ በቆመ ብስክሌት ፔዳል መቱ፤ አንድ ጊዜ በ33 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሌላ ጊዜ በ20 ዲግሪ። ያወጡት ጉልበት ተመሳሳይ ነበር። ከዚያ ያሻቸውን ያህል እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው፣ ከቀዝቃዛው ውሃ በኋላ በአማካይ 877 ካሎሪ በሉ፤ ከሞቀው በኋላ 608። ልዩነቱ 44 በመቶ ገደማ ነው! ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ራሳችሁ ቁጥር አትውሰዱት። አቅጣጫው ግን ብዙ ዋናተኛ በየቀኑ የሚያየው ነው።

ጠንከር ያለ ስፖርት በራሱ የምግብ ፍላጎትን ለጊዜው ያወርዳል፤ ረሃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የሚባለው ሆርሞን ይቀንሳል። ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ሰውነት ራሱን ለማቀዝቀዝ ብዙ ደም ወደ ቆዳ ይልካል፣ ለሆድና ለአንጀት የሚደርሰው ያንሳል። ምግብ መፍጨትም ሙቀት ያመነጫል፤ የጋለ ሰውነት ተጨማሪ ሙቀት አይፈልግም። ጆን ብሮቤክ የተባለ የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ገና በ1948 እ.ኤ.አ. እንስሳት የሚበሉት ለመሞቅ፣ መብላት የሚያቆሙት ደግሞ ከልክ በላይ እንዳይግሉ ነው የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ነገሩ ከዚህ የበለጠ ውስብስብ ነው፤ ለዕለት ተዕለት ውሳኔ ግን ጥሩ መነሻ ይሆናል።

እንግዲህ በብርድ ስትሠሩ፣ በተለይ ስትዋኙ (ውሃ ከአየር 25 ጊዜ ያህል በፍጥነት ሙቀት ይወስዳል)፣ ከምግብ በፊት መሞቅን አስቀድሙ። የረጠበ ልብስ ለብሳችሁ፣ ፀጉራችሁ እየተንጠባጠበ፣ ቆማችሁ መብላት አትጀምሩ። ከውሃ ከወጣችሁ በኋላም ሰውነት ለጥቂት ጊዜ መቀዝቀዙን ሊቀጥል ይችላል፤ ኃይለኛው ረሃብ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው። ሰውነታችሁን አድርቁ፣ ደረቅ ልብስ ልበሱ፣ ጭንቅላታችሁን ሸፍኑ፣ ትኩስ ነገር ቀስ ብላችሁ ጠጡ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ስጡት። ከዚያም የሚራባችሁ ከሆነ እውነተኛ ረሃብ ነውና ብሉ። ምን እንደምትበሉ ግን ከመግባታችሁ በፊት ወስኑ፤ ሾርባ፣ እንቁላል፣ አትክልት የበዛበት ምግብ ተዘጋጅቶ ከጠበቃችሁ ብስኩት ላይ አትወድቁም። ረሃቡን ታግሎ ለማለፍ መሞከር ግን አልመክርም፤ ማታ እጥፍ አድርጎ ይመጣል።

በሙቀት የምትሠሩ ሰዎች ችግራችሁ ተቃራኒው ነው፤ ለእኔ ደግሞ ይሄኛው የበለጠ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ምግብ ሲዘጋ ብዙ ሰው "ጥሩ ነው፣ ክብደት እየቀነስኩ ነው" ብሎ ይደሰታል። ሚዛኑ ላይ ወዲያው የጎደለው በአብዛኛው ውሃ ነው። ከስፖርቱ በፊትና በኋላ፣ ላባችሁን ጠርጋችሁ፣ ያለ ልብስ ተመዘኑ። 70 ኪሎ ገብታችሁ 69 ከወጣችሁ፣ አንድ ሊትር ያህል ላብ ወጥቷል ማለት ነው። እሱን ለመተካት በሚቀጥሉት ሰዓታት ከአንድ ሊትር ከሩብ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ጠጡ፤ በአንድ ትንፋሽ ሳይሆን ከፋፍላችሁ። ብዙ ካላባችሁ ጨው ያለበት ነገርም ጨምሩ፤ ባዶ ውሃ ከልክ በላይ መጋት በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድ ይችላል።

ምግቡን በተመለከተ፣ አስገድዳችሁ አትዋጡ። ጥላ ወይም ቬንትሌተር ያለበት ቦታ ተቀመጡ፣ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ታጠቡ፤ ሰውነት ሲበርድ ፍላጎት ብዙ ጊዜ ራሱ ይመለሳል። እስከዚያው የሚጠጣ ምግብ ይሻላል፦ ቀዝቃዛ ወተት፣ እርጎ፣ ከፍራፍሬ ጋር የተፈጨ ጁስ። ከ20 እስከ 30 ግራም ፕሮቲን ያለው ምግብ ቆየት ብሎም ቢሆን ይግባ። በማግስቱ እንደገና የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሩዝ፣ ድንች ወይም ዳቦ አትዝለሉ፤ ጡንቻ ያወጣውን ስኳር ካልተካ ሁለተኛው ቀን እግር እንደ ድንጋይ ይከብዳል።

ምግብ መዝጋቱ ከራስ ማዞር ወይም ከማስመለስ ጋር ከመጣ ስፖርቱን አቁሙና ቀዝቃዛ ቦታ ግቡ። ግራ መጋባት ወይም መቀባጠር ከታከለበት ግን በሙቀት መመታት ሊሆን ስለሚችል፣ የታመመውን ሰው ሰውነት በቀዝቃዛ ውሃ እያቀዘቀዛችሁ አስቸኳይ ሕክምና እንዲደርስለት ደውሉ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ ሙቀት የኢንሱሊኑን ወደ ደም መግባት ሊያፋጥን እንደሚችል ይወቅ፤ ባይርበውም ስኳሩን ይለካ፣ የምግብ ሰዓቱንም ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ አስቀድሞ ያስተካክል።